ነጥብ የሌለው ድስት

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፤ ሰዓሊው ምንተስኖት በተከራየው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሁለት የእድር ድስቶች፣ አንድ ጆግና አንድ ሎሚ ተደርድረዋል፤ የእድሩ ንብረት ያዥ እትዬ ዘምዘም ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

እትዬ ዘምዘም፦ ሦስት ቀን ነበር ያልከኝ። ዛሬ አሥራ አንደኛው ነው። ድስቶቹ እዚሁ ጎጆ ወጡ እንዴ?

ምንተስኖት፦ እስከ ሰኞ ብቻ እትዬ። ሰኞ ጠዋት ስዕሉ ተጭኖ ለኤግዚቢሽን ይሄዳል። ከዚያ እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ።

እትዬ ዘምዘም፦ ሰኞማ ሙሽራዋ ራሷ ድስት ጥዳ ትጠብቅሃለች። የጋሽ እርገጤ ልጅ ሰርግ ነገ ነው። ወጥ ቤቶቹ በስድስት ሰዓት በባጃጅ እዚሁ መጥተው ይወስዷቸዋል። አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?

ምንተስኖት፦ አራት ተኩል። እድሩ ግን ሌላ ድስት የለውም?

እትዬ ዘምዘም፦ አለው። ሁሉም ወጥቷል። ትልልቆቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እናትህ ምሕረት ሠላሳ ዓመት መዋጮ ሳታጓድል የኖረች ናት፣ ልጇን አላሳፍርም ብዬ ሰጠሁህ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የእድሩ ዳኛ ድስቶቹ የት ሄዱ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ምንተስኖት ድግስ ቢጤ አለበት አልኩት። ቁጭ ብሎ ሊያያቸው ነው የወሰዳቸው ብለው ኖሮ በጤናዬ ይጠረጥር ነበር።

ምንተስኖት፦ ይግቡ እንጂ፣ በር ላይ አይቁሙ። እንዴ፣ እዚያ ላይ አይቀመጡ እትዬ።

እትዬ ዘምዘም፦ ምነው፣ ዱካ አይደለም?

ምንተስኖት፦ ብሎኬት ነው፣ ጨርቅ አልብሼው። እሱም ስዕሉ ውስጥ አለ። ብርሃኑ የሚሰበረው እሱ ጠርዝ ላይ ነው።

እትዬ ዘምዘም፦ ብርሃን የሚሰብር ብሎኬት የኔን ወገብማ ምን ያደርገዋል። ወንበር አምጣልኝ። ውሃም ስጠኝ፣ ዳገቱ ጉሮሮዬን አድርቆታል።

ምንተስኖት፦ ወንበሩ ይኸውና። ውሃውን ከጎረቤት ላምጣልዎት፣ ጆጉ ከቦታው አይነሳም።

እትዬ ዘምዘም፦ ጆግ ያለው ሰው ውሃ ከጎረቤት ይለምናል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ሎሚዋስ እሷም አትነካም?

ምንተስኖት፦ እሷማ ጨርሶ አትነካም።

እትዬ ዘምዘም፦ እስቲ በፈጠረህ ንገረኝ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ድስት ላይ ምን ይታያል? እኔ ውስጡ ወጥ ከሌለ ድስት ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ምንተስኖት፦ ወጡን፣ እሳቱን፣ ሰርጉን፣ ልቅሶውን ሁሉ ሲያነሱለት የሚቀረው ቅርጹ ነው። ድስቱ ሲሊንደር ነው፣ ሎሚዋ ኳስ ናት፣ ብሎኬቱ ኩብ ነው። የዓለም ዕቃ ሁሉ ልብሱ ቢገፈፍ አራት አምስት ቅርጽ ነው የሚቀረው። የኔ ሥራ ያንን ማሳየት ነው።

እትዬ ዘምዘም፦ ሰዉስ?

ምንተስኖት፦ ሰውም እንደዚያው።

እትዬ ዘምዘም፦ እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?

ምንተስኖት፦ እርስዎ እንግዲህ፣ ከላይ ሻሹን፣ ከታች ቀሚሱን ሳየው፣ ሾጣጣ ነዎት።

እትዬ ዘምዘም፦ ጋሽ እርገጤስ?

ምንተስኖት፦ እሳቸው ያው ኳስ ናቸው።

እትዬ ዘምዘም፦ ይሄንንማ ሰፈሩ ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል። በል ጨዋታው ይቅርና አውርድልኝ። አረንጓዴ ነጥብ ያላትን በዚህ በኩል፣ ቀይ ነጥብ ያላትን በዚያ በኩል። አረንጓዴዋ የእስላሙ፣ ቀይዋ የክርስቲያኑ ናት። እንዳይነካኩብኝ።

ምንተስኖት፦ እትዬ፣ ስለ ነጥቡ እንኳ ልነግርዎት ነበር።

እትዬ ዘምዘም፦ ስለ ነጥቡ ምን?

ምንተስኖት፦ ነጥቧ ከጆሮው ሥር ነበረች አይደል? ዓይን ትስባለች። ሰው ስዕሉን ሲያይ ገና ከሩቅ ነጥቧ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ቅርጹን ትበላዋለች። ስለዚህ ፋቅኳት።

እትዬ ዘምዘም፦ የትኛዋን?

ምንተስኖት፦ ሁለቱንም። በምላጭ። ከዚያ እንዲያበሩልኝ ብዬ በአመድና በሳሙና ፈተግኳቸው።

እትዬ ዘምዘም፦ ያ አላህ። ቆይ ልቀመጥ።

ምንተስኖት፦ ተቀምጠዋል እኮ።

እትዬ ዘምዘም፦ እንግዲያው ልነሳ።

ምንተስኖት፦ አሁኑኑ መልሼ እቀባቸዋለሁ። ቀለም እንደሆነ አላጣ።

እትዬ ዘምዘም፦ የቱ ላይ የቱን ትቀባለህ?

ምንተስኖት፦ እሱን እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው።

እትዬ ዘምዘም፦ አፍጥጠህ የከረምከው አንተ ነህ። ንገረኛ፣ የቱ ነው የእስላሙ?

ምንተስኖት፦ በቅርጽ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እትዬ ዘምዘም፦ አሥራ አንድ ቀን አይተህ አላየህም ማለት ነው።

ምንተስኖት፦ ምናልባት ቢሸተቱ።

እትዬ ዘምዘም፦ በአመድና በሳሙና ፈትገህ? አሁን የሚሸተው ያንተ ጉድ ብቻ ነው።

ምንተስኖት፦ ዕጣ ብናወጣስ?

እትዬ ዘምዘም፦ ስማኝ ምንቴ። ነጥቡ ከመምጣቱ በፊት የሆነውን አታውቅም፣ አንተ ያኔ እናትህ ጀርባ ላይ ነበርክ። እኔም ያኔ ንብረት ያዥ ከሆንኩ ገና አራት ወሬ ነበር። ሰርግ ላይ አንዲት ወጥ ቤት የአንዱን ድስት ጭልፋ ሌላኛው ድስት ውስጥ ነከረችው። አውቃ አይደለም፣ ወሬ ይዟት ነው። አንዷ አየችና ተናገረች። ማንም አልተጣላም፣ ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም። ግማሹ ዳስ ቀስ ብሎ ተነሳና፣ ጠግበናል፣ ይባርክላችሁ እያለ ጦሙን ወደ ቤቱ ሄደ። የሙሽራዋ አባት በር ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ አንድ ወር ሙሉ በየቤቱ እየዞርኩ ይቅርታ ስጠይቅ ከረምኩ። ነጥቦቹን ከዚያ ወዲህ ነው በገዛ እጄ የቀባኋቸው። ያንተን ቅርጽ የበላችው ነጥብ ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ስታበላ ኖራለች። አንተ ዕጣ እናውጣ ትለኛለህ።

ምንተስኖት፦ አላወቅኩም እትዬ። በጣም አፍሬያለሁ።

እትዬ ዘምዘም፦ እፍረትህ ወጥ አይሠራልኝም።

ምንተስኖት፦ እስቲ እርስዎ ጠጋ ብለው ይዩዋቸው። ይሄን ሁሉ ዘመን ይዘዋቸው የሆነ ጭረት፣ የሆነ ምልክት አያጡም።

እትዬ ዘምዘም፦ ክፍልህ ጨለማ ነው።

ምንተስኖት፦ መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው እኮ። ፀሐይዋ ፊትዎ ላይ ናት።

እትዬ ዘምዘም፦ ለሱ ነው፣ አንፀባረቀችብኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ስዕልህን ልየው። የሚለያቸው ነገር እሱ ላይ ይኖር ይሆናል። የት ነው ያለው?

ምንተስኖት፦ እዚያ ማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው።

እትዬ ዘምዘም፦ አየሁት። ማሻአላህ። ብናደድብህም እውነቱን አልሸሽግህም፣ እጅህ ይባረክ። ድስቶቹ ቁርጥ ራሳቸውን ናቸው። ጆጉማ ቅዱብኝ ቅዱብኝ ይላል።

ምንተስኖት፦ እትዬ።

እትዬ ዘምዘም፦ ሎሚዋ ደግሞ ምራቅ ታስውጣለች።

ምንተስኖት፦ እትዬ ዘምዘም፣ የሚያዩት ገና ያልተነካ ሸራ ነው። ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም። ስዕሉ ከጎኑ ያለው ነው።

እትዬ ዘምዘም፦ ዘመናዊ ስዕል ነው ብዬ ነው።

ምንተስኖት፦ አሁን ስንት ጣት አነሳሁ?

እትዬ ዘምዘም፦ ባለጌ። ትልቅ ሰው ላይ ጣት አይነሳም።

ምንተስኖት፦ አላነሳሁም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

እትዬ ዘምዘም፦ በሩን ዝጋው።

ምንተስኖት፦ ዝግ ነው እትዬ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

እትዬ ዘምዘም፦ ካለፈው ረመዳን ወዲህ። መጀመሪያ ጭጋግ መስሎኝ ነበር። የደሴ ጭጋግ መቼም ባሕርዩ ነው፣ ይገፈፋል ብዬ ጠበቅኩ። ለሌላው ሰው ተገፈፈለት፣ እኔ ዓይን ላይ ቀረ። ሰዉ ሞራ የሚለው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ምንተስኖት፦ ማን ያውቃል?

እትዬ ዘምዘም፦ አላህና አንተ። አላህ ገመና ይሸፍናል። አንተን ነው የፈራሁት።

ምንተስኖት፦ ለእድሩ ዳኛ ለምን አልነገሩትም?

እትዬ ዘምዘም፦ እሱማ ሰበብ አጥቶ ነው የተቀመጠው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ንብረቱ በኮምፒውተር ይመዝገብ፣ ወጣት ይያዘው፣ እትዬ ዘምዘምም ደክመዋልና ይረፉ አለ። ይረፉ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ባሌ ሞቷል። ልጄ ከሚሴ ነው፣ ለበዓል ይደውላል። የኔን በር የሚያንኳኳው ድስት የቸገረው ሰው ነው። ድስት ሊጠይቅ መጥቶ የልጁን ነገር ያጫውተኛል፣ የሚስቱን ነገር ያማክረኛል። ድስቱን ከወሰዱብኝ ማን ያንኳኳልኛል? ፈርቼ ነው ምንቴ። ሌላ ምንም የለውም፣ ፈርቼ ነው።

ምንተስኖት፦ ታዲያ እስከዛሬ ድስቶቹን እንዴት ሳይሳሳቱ ሰጡ? አንድም ቀን ተሳሳቱ ሲባል አልሰማሁም።

እትዬ ዘምዘም፦ ድስት በዓይን ይታወቃል ያለህ ማነው? በል ወዲህ አምጣቸው። አንድ በአንድ ጭኔ ላይ አድርግልኝ።

ምንተስኖት፦ ይኸው አንዷ።

እትዬ ዘምዘም፦ አሃ። ይቺ የክርስቲያኑ ናት።

ምንተስኖት፦ በምን አወቁ?

እትዬ ዘምዘም፦ እጅህን ስጠኝ። ዓይንህን ጨፍን። ከንፈሯን ይዘህ ዙር፣ ዙር፣ ትንሽ ቀጥል፣ እዚያ ጋ ቁም። ምን አገኘህ?

ምንተስኖት፦ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ።

እትዬ ዘምዘም፦ የመምሬ ወንድምተካ ልቅሶ ላይ ነፋስ ድንኳኑን ሲጥለው፣ ቋሚው ብረት ያረፈው እሷ ላይ ነው። አሁን ሆዷን ዳብሰው። አንዱ ጎኗ ወደ ውስጥ ገባ አላለም? ምንጊዜም ሲያወርዷት በዚያ በኩል ነው የሚያስቀምጧት፣ ሰዎቹ ለምደውባታል። በል ሁለተኛዋን ስጠኝ። የእሷን ጆሮ ያዘው።

ምንተስኖት፦ ይነቃነቃል።

እትዬ ዘምዘም፦ ሐጂ ኑርዬ ቤት ሰደቃ ላይ ሁለት ጎረምሶች እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም ብለው ሲጓተቱ ነው አንዱ ሚስማር የወለቀው። መልካም ሥራ ሲሻሙ ድስት ሰበሩ። ታችዋ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ መሬት ላይ ትረጋለች። ያቺኛዋ ግን ትወዛወዛለች፣ ካልደገፏት ወጥ ትደፋለች።

ምንተስኖት፦ ለዚህ ነው ለካ። እኔ ጠረጴዛው ነው ጠማማ ብዬ ከሥሯ ካርቶን አድርጌላት ነበር።

እትዬ ዘምዘም፦ ዓይንህን ግለጥ፣ በቃህ።

ምንተስኖት፦ ትንሽ ይቆዩኝ። ሲሊንደር አይደለችም እኮ። አንዳቸውም ሲሊንደር አይደሉም። ከንፈሯ ክብ አይደለም፣ ጎኗ ቀጥ ያለ አይደለም። እኔ ድስቶቹን ትቼ የማውቀውን ሲሊንደር ስስል ነው የከረምኩት።

እትዬ ዘምዘም፦ ሰው ሲያገለግል ኖሮ እንደ አዲስ ክብ ሆኖ የሚቀር የለም። እኔ ራሴ ሾጣጣ ሆኛለሁ አላልክም?

ምንተስኖት፦ ልፈትንዎት? ቀላቅዬ ልስጥዎት።

እትዬ ዘምዘም፦ ስጠኝ። የእስላሙ ናት። ቀጥል። ይቺ የክርስቲያኑ። ቀጥል። ይቺን አሁን ሰጥተኸኛል፣ ጅል አታድርገኝ።

ምንተስኖት፦ እጄን በአፌ ነው የጫንኩት። በሉ ብሩሹን ይዣለሁ፣ ይምሩኝ።

እትዬ ዘምዘም፦ ጆሮዋ ለሚነቃነቀው አረንጓዴውን። ለዚያኛዋ ቀዩን። አደራ፣ ጠቆር ያለ አይሁን፣ በጭስ እንዲለይ።

ምንተስኖት፦ ተቀባ። እትዬ፣ አሁን አንድ ነገር እንስማማ። እኔ ስለ ዓይንዎ ትንፍሽ አልልም። እርስዎም ስለ ነጥቡ ትንፍሽ አይበሉ። ከሰርጉ መልስ ግን ድስቶቹ በቀጥታ ወደዚህ ይምጡልኝ።

እትዬ ዘምዘም፦ እከክልኝ ልከክልህ ነው ነገሩ። ብትናገርስ ምን ታመጣለህ? ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ። አታይም ብለህ ብትከሰኝ፣ ድስቶቹን ጉባኤው ፊት አምጡልኝ እላለሁ።

ምንተስኖት፦ ድስቶቹንስ እሺ። ሳህኖቹንስ?

እትዬ ዘምዘም፦ የምን ሳህን?

ምንተስኖት፦ እድሩ ሳህን አለው አይደል? በአንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል ክብ፣ እኩል ውፍረት። እነሱም ከሥራቸው ነጥብ ነው ያላቸው። ስንት ናቸው?

እትዬ ዘምዘም፦ ሁለት መቶ አርባ።

ምንተስኖት፦ ቆርቆሮ ናቸው?

እትዬ ዘምዘም፦ ፕላስቲክ።

ምንተስኖት፦ ፕላስቲክ አይጎደጉድም፣ ጆሮ የለውም። እነሱን በእጅ እንዴት ይለዩዋቸዋል?

እትዬ ዘምዘም፦ አንተ ነገረኛ ነህ።

ምንተስኖት፦ ይንገሩኝ እትዬ።

እትዬ ዘምዘም፦ አልለያቸውም። ይኸው ሰማህ። በየሳጥናቸው ነው የማወጣቸው፣ እጥበት ላይ ግን ተደባልቀው ይመለሳሉ። ድሮ ቁጭ ብዬ በዓይኔ እለያቸው ነበር። ባለፈው ተዝካር ላይ በግምት ከፍዬ ሰጠሁ። ከማዕድ የተነሳ ሰው የለም፣ ምንም አልተባለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። ሰዉ እኮ ሳህኑን ገልብጦ አያይም። ዘምዘም ከሰጠችኝ ብሎ ነው የሚበላው። እኔ ደግሞ የማላየውን ሰጠሁት።

ምንተስኖት፦ ቅርጽ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው እንግዲህ። እኩል ሲሆን ነጥብ ያስፈልገዋል።

እትዬ ዘምዘም፦ ነጥብም ብቻውን አይበቃም፣ ምላጭ የያዘ ሰዓሊ እስካለ ድረስ።

ምንተስኖት፦ ልክ ነዎት። የነገዎቹ ሳህኖችስ ወጥተዋል?

እትዬ ዘምዘም፦ አልወጡም። እኔ ቤት ናቸው፣ ተደባልቀው። ከድስቶቹ ጋር ነው የሚሄዱት።

ምንተስኖት፦ እና በአራት ተኩል እዚህ ቁጭ ብለው ከኔ ጋር ይጨቃጨቃሉ?

እትዬ ዘምዘም፦ የመጣሁት ለድስቶቹ ብቻ መስሎሃል? ድስቶቹንማ አንድ ጎረምሳ ልኬ አስመጣቸው ነበር። ሰፈሩ እየሳቀ፣ የምሕረት ልጅ ሥራ ፈቶ ሁለት ድስት ሲያይ ይውላል ሲሉኝ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ነው ለኔ የሚያስፈልገኝ አልኩ። ልለምንህ ነበር የመጣሁት። በር ላይ ስደርስ አፌ እምቢ አለኝና ቁጣ ወጣልኝ።

ምንተስኖት፦ ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ።

እትዬ ዘምዘም፦ አንተ ቀድመህ ነግረኸኛል? ምላጩን ደብቀህ ውሃ ከጎረቤት ላምጣ ስትለኝ አልነበር?

ምንተስኖት፦ እሺ። ሳህኖቹን አሁን ሄጄ እለያለሁ። ሁለት መቶ አርባ ምን አላት፣ ሰዓት ሳይሞላ እጨርሳለሁ። እርስዎ ግን ከሰርጉ ማግስት ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፣ እኔ ይዤዎት እሄዳለሁ። ሞራ ይገፈፋል፣ ሰው ሁሉ እየተገፈፈለት ነው።

እትዬ ዘምዘም፦ ስዕልህስ? ሰኞ ይጫናል አላልክም?

ምንተስኖት፦ አልደርስበትም። ባለፈው ዓመትም ዘግይቼ ነው ከኤግዚቢሽኑ የቀረሁት፣ ጊዜው አልፏል ሲሉኝ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ዘንድሮ እጄ የነካው አንድ፣ ሸራው ላይ ያለው ሌላ ሆነብኝ፤ እንዲህ አድርጌ አልልከውም። ቅር ይለኛል፣ አልዋሽዎትም፣ በጣም ነው ቅር የሚለኝ። ነጩን ሸራ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።

እትዬ ዘምዘም፦ እሱን ሸራ እንኳ አደራ፣ አስቀድሜ አሞግሼልሃለሁ። ድስቶቹስ? አያስፈልጉህም?

ምንተስኖት፦ ያስፈልጉኛል እንጂ። ግን የእድር ደንብ አለ፣ ዳኛው አለ። ከእንግዲህ በየትኛው አፌ እጠይቃለሁ?

እትዬ ዘምዘም፦ ዳኛው ወጣት ይያዘው ብሏል አይደል? ዕድሜህ ስንት ነው?

ምንተስኖት፦ ሃያ አምስት። ለምን ጠየቁኝ?

እትዬ ዘምዘም፦ እንዲሁ ነው። የሚጮኸው ባጃጅ ነው?

ምንተስኖት፦ መጡ። ስድስት ሰዓት አላሉኝም? ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ ሳህኑም አልተለየም። ምን እንበላቸው?

እትዬ ዘምዘም፦ አንተ እጅህን ታጠብ። ለሰዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ምንተስኖት፦ ስለ ምላጩ እንዳይነግሯቸው። ስለ ዓይንዎም እኔ አላወራም።

እትዬ ዘምዘም፦ እናንተ ሰዎች፣ በሩን አትደብድቡት፣ ሰምተናል። ስለ ዕቃው እኔን አትጠይቁኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ረዳት ነኝ። አዲሱ ንብረት ያዥ እጁን እየታጠበ ነው፣ ሲወጣ ድስቱንም ሳህኑንም ለይቶ ያስረክባችኋል።